ለጥናት የሄደው የካርድ ክፍል ደብተር ይመለስልን

ለመከላከያ ጥምረቱ ክቡር ዋና ጸሐፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎ፣ የቤተሰብዎና የአሥራ አንዱ አባል አገራት ጤና እንደምን ሰንብቷል እያልኩ ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት አቀርባለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። የባለቤቴ ልብ ግን እንደ ቀድሞው አይደለም። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ለማውጣት የተገደድኩትም በእሷ ልብ ምክንያት ስለሆነ፣ ውድ ጊዜዎን ላለማባከን ጥያቄዬን ከመግቢያው ላይ አስቀምጣለሁ፦ የጥምረቱ መኮንኖች ከሆስፒታላችን ካርድ ክፍል የወሰዱት ባለ መቶ ገጽ ደብተር ይመለስልን። የባለቤቴ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ያለው እዚያ ውስጥ ነው፤ ሐኪሟ «ከሁለት ወር በላይ መጠበቅ የለባትም» ካለ ደግሞ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሥነ ዜጋ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ነገር ካልቆጠርኩ መናገር አይሆንልኝም፤ ስለዚህ በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ከስድስት ሳምንት በፊት ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች፣ የት እንደተቀመጡ ሳይታወቅ፣ የሆስፒታላችንን ኮምፒውተሮች በአንድ ጧት ቆለፏቸው። የሕመምተኛው ካርድ፣ የምርመራው ውጤት፣ የቀጠሮው ዝርዝር ሁሉ ውሃ በላው። እኔ ግን አልደነገጥኩም። «በአንዱ አባል ላይ የተሰነዘረ ጥቃት በሁሉም ላይ እንደተሰነዘረ ይቆጠራል» የሚለውን የውላችሁን ሦስተኛ አንቀጽ በየዓመቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ስለኖርኩ፣ ባለቤቴን «አይዞሽ፣ አሥር አገር ከኋላችን አለ» ብዬ አጽናናኋት። አሥሩ አገርም ጭስ ያልታየበት ጥቃት እንደ ጥቃት ይቆጠር ወይስ አይቆጠር የሚለውን የሚመረምር ኮሚቴ በማቋቋም ፈጥነው ደርሰውልናል፤ ስለ ፍጥነታቸው ከልብ አመሰግናለሁ።

እዚህ ላይ እርስዎን ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆንብኛል። ከብዙ ዓመት በፊት አንዲት ተማሪዬ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ጠላት በድንበር ባይመጣስ?» ብላ ብትጠይቀኝ፣ «ከትምህርቱ አትውጪ» ብዬ አስቀምጫታለሁ። ስለዚህ ጥያቄው ለእርስዎም ለእኔም አልገባንም ማለት ነው። ልዩነታችን እኔ ጡረታ መውጣቴ ብቻ ነው።

2ኛ. ኮሚቴው የደረሰብንን ጉዳት እንድናስረዳ ስድሳ አራት ጥያቄ ያለው ቅጽ አዘጋጀ። ቅጹ የሚሞላው በኢንተርኔት ብቻ ነው። የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ኢንተርኔት የሌለው ኢንተርኔቱ ስለተጠቃ መሆኑን በእጁ ጽፎ በፖስታ ላከ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ሁለት ወታደሮች፣ አንድ ሾፌርና አንድ ትልቅ መኪና የመልሱን ደብዳቤ ይዘው መጡ። ደብዳቤው ጥምረቱ ራሱን ከዘመኑ ጋር በማጣጣም ላይ ስለሚገኝ ከእንግዲህ በወረቀት እንደማይጻጻፍ ይገልጽ ነበር። ወረቀቱ በጣም ጥሩ ወረቀት ነው።

3ኛ. ወደ ደብተሩ ልምጣ። በካርድ ክፍሉ መስኮት ሃያ ስድስት ዓመት የተቀመጡ ሴት አሉ፤ ከተማው ሁሉ «እትዬ መዝገብ» ይላቸዋል። ኮምፒውተር ከገባ በኋላም ያስገቡትን ሁሉ መልሰው በደብተር መጻፍ አልተዉም ነበር። ወጣቶቹ የሥራ ባልደረቦቻቸው «እትዬ፣ አሁንም ከደብተር አልወጡም?» እያሉ ሲቀልዱባቸው፣ «የእኔ ደብተር መብራት ሲጠፋ አብሮ አይጠፋም» ብለው ይጽፋሉ። ያ ቀን ሲመጣ መሳቢያቸውን ሳቡና ደብተሩን አወጡ። ሐኪሞቹ በእሱ እየተመሩ አሥራ አንድ ሰው ቀደዱ፤ አሥራ አንዱም በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ። ባለቤቴ በደብተሩ ተራ አሥራ ዘጠነኛ ነበረች።

በዚህ መሐል በጥቃቱ ሥራውን ያላቋረጠ ሆስፒታል መኖሩን የሰሙ አንድ ኮሎኔልና ሁለት ባለሙያዎች፣ ደብተሩን «ከኔትወርክ ውጪ ያለ የመቋቋም አቅም» በሚል ርእስ ለማጥናት መጡ። እትዬ መዝገብ «ፎቶ አንሱትና ሂዱ» ቢሏቸው፣ የመረጃ ደኅንነት ደንባችሁ የሕመምተኛ መረጃ በስልክ ማንሳትን እንደሚከለክል ኮሎኔሉ በትሕትና አስረዱ። «እንግዲያው አንድ ቀን ስጡኝና ልገልብጠው» ቢሏቸው፣ በላስቲክ ታሽጎ ማኅተም ተመቶበታልና መክፈት አይቻልም አሉ። እትዬም «ልጄ፣ ሌባ እንኳ እንዲህ አሳምሮ አይጠቀልልም» አሏቸው። ኮሎኔሉ ይህንንም በማስታወሻቸው ላይ አሰፈሩት።

ጠፍቶብን የቀረው ተራ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ በረንዳው አግዳሚ ላይ የተቀመጥን ሁሉ ተጠያይቀን እንደርስበት ነበር። የደሙ ዓይነት፣ የምርመራው ቁጥር፣ ሐኪሙ ያዘዘው የልብ ቫልቭ ልክ ግን ያለው እዚያው ነው። ያለ እሱ ምርመራው ከሀ ይጀመራል፤ የምርመራው ወረፋ ደግሞ አራት ወር ነው።

4ኛ. ባለፈው እሑድ እርስዎ በጉባኤው ላይ ሲናገሩ በቴሌቪዥን ተመለከትን። ደብተሩ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ሆኖ መብራት በርቶለት ነበር፤ ታዳሚውም ቆሞ አጨበጨበ። ባለቤቴ የተቀደደውን ጥግ አይታ ለየችውና፣ «ተመስገን፤ እኔ ባልደርስ ተራዬ ተጨበጨበለት» አለች። ስቀናል። ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁ።

ስለዚህ ክቡርነትዎን ከሚከተሉት አንዱን እንዲመርጡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ደብተሩ ይመለስ። ይህ ለጥናቱ ጉዳት ካለው፣ እትዬ መዝገብ እዚያው መጥተው ይገልብጡት፤ እስክሪብቶ ከቤታቸው ያመጣሉ። ይህም የአሥራ አንዱን አገር ፈቃድ የሚጠይቅ ከሆነ፣ እርስዎ ራስዎ የባለቤቴ ስም ያለበትን ገጽ ሠላሳ ሰባትን በስልክ ያንብቡልኝ፤ እኔ እጽፋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የቃል ጽሕፈት ሳጽፍ ሳስጽፍ የኖርኩ ስለሆነ፣ ቀስ ብለው ካነበቡልኝ አንድ ቁጥር አልስትም።

ከምድር፣ ከባሕርና ከአየር የሚመጣብንን ሁሉ ነቅታችሁ ስለምትጠብቁልን እያመሰገንኩ፣ ከመሳቢያችን የወሰዳችሁትን እስክትመልሱልን ድረስ በታላቅ ትዕግሥት የምጠባበቅ፣

አክባሪዎ
ጡረተኛው የሥነ ዜጋ መምህር፣ የአሥራ ዘጠነኛዋ ባል

ዳግም ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ እትዬ መዝገብ ኮሎኔሉ የሰጧቸውን ደረሰኝ አሳዩኝ። ደብተሩ የሚመለሰው ጥናቱ ሲጠናቀቅ እንደሆነ፣ ጥናቱም ከሦስት ዓመት በኋላ እንደሚጠናቀቅ ይገልጻል። ለባለቤቴ የቀራት አርባ አንድ ቀን ነው። መቀነሱን ለእርስዎ ትቼዋለሁ፤ ኮሚቴ ሳያቋቁሙ ሊሠሩት የሚችሉት ስሌት ነው።