ጆሮዬና የላክኸው ማጉያ

ለወንድሜ ለኤልቃና ኢቲቻ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። አንተ እንዴት ነህ? ርሆቦት እንዴት ናት፣ ወገቧን ተሻላት ወይ? ትንሿ ዶርቃስ ትምህርት ቤቱን ለመደችው? የሽቱትጋርት ብርድ ዘንድሮ ከብዷል ብለሃል። እኛም ጋ የእንጦጦ ነፋስ ጥርን ሙሉ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ ከረመ፣ ግን ካንተው ጋር አይወዳደርም። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ይህን "ደህና ነን" እንደ ወትሮው ለወጉ አልጻፍኩትም፤ ደብዳቤው በሙሉ ስለ እሱ ነው።

ባለፈው በስልክ የጆሮዬን ነገር ስጀምርልህ መስመሩ ተቆረጠ። መልሰህ ስትደውል ደግሞ እኔው ወሬ ቀየርኩ። አሁን ከሥሩ ልንገርህ። ከሐምሌ ጀምሮ ያንን የላክህልኝን የጆሮ ማዳመጫ ባጠለቅኩ ቁጥር፣ ዝማሬው ጋብ ሲል፣ ሽው የሚል ድምፅ እሰማ ነበር፤ ልክ ከሩቅ ባሕር ዛፍ ውስጥ እንደሚሄድ ነፋስ። ሳወልቀው የመንገዱ የታክሲ ጩኸት ይሸፍነዋል። አባባ ወፍጮ ቤት ሲሠሩ ጆሯቸው የሄደው በአርባ ስምንት ዓመታቸው ነው። እኔ አርባ ሰባት ሞላኝ። ሃያ ሁለት ዓመት መዘምራን ሲቀዳ የኖረ ሰው ሌላ ሙያ የለውም።

አንተ "መሣሪያህ አርጅቶ ይሆናል" ብለህ ያንን የማዳመጫ ድምፅ ማጉያ ኅዳር ላይ ላክህልኝ። የዋጋውን ወረቀት ከካርቶኑ ማውጣት ረስተህ ኖሮ አየሁት፤ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ዩሮ። የኔዋ ጫልቱ በብር መታችውና "በዚህ ገንዘብ ካራ ከብት ገበያ የምትታለብ ላም ይገዛ ነበር፣ ላም ደግሞ ትወልዳለች" አለች። ዕቃው ስምንት ኪሎ ይመዝናል። ፊቱ ላይ የቡና ስኒ አፍ የሚያህል አንድ የድምፅ መዘውር አለ፣ ሌላ ምንም የለም። ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘሁትና ማዳመጫውን አጠለቅኩ። ሽውታው ባሰ።

ያን ጊዜ ያሰብኩትን ብነግርህ ትስቅብኛለህ። የድሮው ማጉያ በርካሽ የተገዛ ነው፣ ቢያጠፋ አይገርምም። ይሄኛው ግን በዚህ ዋጋ ተገዝቶ ሊያጠፋ አይችልም፤ ስለዚህ ያጠፋው ጆሮዬ ነው አልኩ። ማሽኑን አጥፍቼ፣ ማዳመጫውን ሳላወልቅ አንድ ደቂቃ ብቆይ ነገሩ ይለይ ነበር። ለጀማሪ ሁሉ የማስተምረው ይህንን ነው። እኔ ግን አላደረግኩትም። ማሽኑ ጠፍቶም ሽውታው ቢቀጥል የምይዘው ተስፋ አይኖረኝም ብዬ ፈራሁ።

ጥር ላይ ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ከፋሲካ በኋላ ቀረጻውን እንደምተው ነገርኳቸው። ጸለዩልኝ። ጋሽ ገብረማርያም እጃቸውን ጆሮዬ ላይ ጭነው ሲጮኹ የቀረችኝንም ሊወስዷት ነው ብዬ ሰጋሁ።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ሐሙስ አገርነሽ መጣች። መዘምራኑን የምትመራዋን፣ ለማንም የማትመለሰዋን፣ አንተም ታውቃታለህ። "ድምፄን አቅጥነህብኛል አሉ፣ እስቲ ልስማው" አለች። በእኔ ስቱዲዮ ማዳመጫውን ከእኔ በቀር ማንም አያጠልቅም፤ ይህን ደንብ ስንት ዓመት አስከብሬዋለሁ። ያን ቀን "ከእንግዲህ ለማን ብዬ ነው" አልኩና ሰጠኋት። ዝማሬውን ገና ሳልከፍት ፊቷን አጨማደደች። "ነገሳ፣ ይሄ ሽው የሚለው ምንድነው? ውሃ ጥደህ ረስተሃል እንዴ?" አለችኝ። ምን ትሰሚያለሽ አልኳት። ነገረችኝ። እንደገና ጠየቅኳት፣ ደግማ ነገረችኝ። ሦስተኛ ስጠይቃት "ሰውዬ፣ ደንቁረሃል?" አለች። እንዳልደነቆርኩ ያወቅኩት በዚያች ሰዓት ነው።

እሷ ስትሄድ ማሽኑን ገለበጥኩት። ከሆዱ ሥር፣ በእግሮቹ መሃል፣ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል ማብሪያ አለች፤ ማጉያው ምን ያህል እንዲያጎላ የምትወስነው እሷ ናት። ከፋብሪካ የወጣችው ከፍ እንዳለች ነው። ዝቅ አደረግኳት። ጭጭ አለ። ነገሩ ሲገባኝ፣ በሐምሌ የላክህልኝ አዲሱ ማዳመጫ ጥቂት ጉልበት የሚበቃው ነው። የድሮውም ማጉያ ይሄኛውም ለከባድ ማዳመጫ በተሰላ ጉልበት ሲገፉት የራሳቸው ትንፋሽ አብሮ ይሰማል።

"ለዋጋው ይመጥናል ወይ?" ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ፈትቼ አየሁት። ሳጥኑ ከአንድ ወፍራም አልሙኒየም ተፈልፍሎ የወጣ ነው፤ በግምቴ የዋጋው ሲሶ እዚያ ላይ ነው፣ ለድምፁ ግን ምንም አይጨምርም። የኮምፒውተሩን ቁጥር ወደ ድምፅ የሚለውጠው ቺፕ በርካሾቹም ውስጥ የሚገባ ዓይነት ነው። ገንዘብህ በደንብ የዋለው ኃይል በሚያከፋፍለው ክፍል ላይ ነው፤ የእኛ መብራት ሲዋዥቅ እሱ ንቅንቅ አይልም። መዘውሩም እውነት ጥሩ ነው፤ በጣም ዝቅ አድርጌ ስሰማ እንኳ ግራና ቀኙ እኩል ነው፣ በድሮው አንዱ ወገን ይበልጥ ነበር። ማብሪያዋን የደበቋት ፊቱ እንዲያምር ይመስለኛል። ከፍ አድርገው የላኳት ደግሞ ሱቅ ውስጥ ሁለት ዕቃ ጎን ለጎን ሲሞከር ገዢ የሚያነሳው የሚጮኸውን ስለሆነ ይሆናል። መርካቶም ሬዲዮ የሚሸጠው እንዲሁ ነው፣ አልፈርድባቸውም። ግን ለዚያች ማብሪያ ፊቱ ላይ ቦታ ቢሰጧት ኖሮ እኔ ሦስት ወር እንቅልፍ አላጣም ነበር።

ለአባባ "ጆሮዬ ደህና ነው" ብዬ በወረቀት ጽፌ አሳየኋቸው። ሁለት ጊዜ አነበቡትና "ተመስገን፣ በእናትህ ወጥተሃል" አሉ።

እሑድ ለሽማግሌዎቹ ነገርኳቸው። ጋሽ ገብረማርያም "ጸሎቱ ሠራ" አሉ። ማብሪያ ናት እኮ ብላቸው "ማብሪያዋን እንድታይ ያደረገህ ማን ነው?" አሉኝ። አገርነሽ ናት አልኳቸው። ችግሩ ለስንብቴ ጋቢ ተገዝቶ ኖሯል። አልቀበልም ማለት ነውር ነው፣ ተቀብሎ ሥራ ላይ መቆየትም ያሳፍራል። አገርነሽ ፈረደች፤ "ይልበሰው፣ ስቱዲዮው ይበርዳል" አለች። ትናንት ቅዳሜ ለብሼው ቀዳሁ። በሦስተኛው ዝማሬ፣ ወፈር ባለ ድምፅ የሚዘምሩት አልቶዎቹ ከመግባታቸው በፊት፣ አንዷ ምራቋን ስትውጥ ሰማሁ። አስቆምኳቸውና እንደገና አስጀመርኳቸው።

ጫልቱ ሰላም ብላሃለች፣ ለርሆቦት ትኩስ በርበሬ ሰው ስታገኝ ትልካለች። ልጄ ፊልሞና አሥረኛ ክፍልን ይዟል፣ አጎቴን ሳምልኝ ይላል። አባባ "ጠግቦ ይበላል ወይ?" ብለው ይጠይቃሉ፤ መልሱን በትልልቁ ጻፍላቸው። ርሆቦትን ሰላም በልልኝ፣ ዶርቃስን ጉንጯን ሳምልኝ።

ወንድምህ ነገሳ ኢቲቻ
የካ፣ አዲስ አበባ
የካቲት 19 ቀን 2009 ዓ.ም.