በአገዳ የደፈንነው ስንጥቅ

ቆቦ፣ እሁድ ሚያዝያ 24 ቀን 2002 ዓ.ም.

ይድረስ አሶሳ ላለችው ለምወድሽ እህቴ ለእታለም ረድኤት፤

ይህን ወረቀት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ አጥፌዋለሁ። የምነግርሽ ነገር ያሳፍራል፤ ለእማማ እንኳ አልነገርኳትም። ግን መጀመሪያ ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ወባ ተመልሶ አልነካሽም? ተማሪዎችሽስ ይሰሙሻል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። የእማማ ወገብ ከፋሲካ ወዲህ ተሽሏታል፤ ቡሬዋ ላም ወልዳለች፤ ሙቀቱም ጀምሯል። የጎደለን አንቺ ብቻ ነሽ።

እታለም፣ በፍሬዓለም ቀንቻለሁ። የጋሽ እሸቴ ልጅ፣ አንድ ዴስክ ላይ አብራኝ ትቀመጥ የነበረችው። እማማ ስትታመም እኔ ከስድስተኛ ስቀር እሷ ቀጥላ አሥረኛ ደረሰች። ይሁን፣ ለምጄው ነበር። መጋቢት ላይ ግን ከዩኒቨርሲቲ የመሬት አጥኚዎች መጡ። የመሬት መንቀጥቀጥ ስንጥቅ በየት በየት እንደሚያልፍ በካርታ ያሰፍራሉ፤ ቤት የት ቢሠራ እንደሚሻል፣ የቱ ለእርሻና ለግጦሽ ቢተው እንደሚሻልም ለቀበሌው ይናገራሉ። አገሩን የምታውቅ፣ ጽሕፈት የምትችል ልጅ ሲፈልጉ ፍሬዓለምን ወሰዱ። ሰፊ ባርኔጣ ሰጧት። ሜትር ትይዛለች፣ ድንጋይ ቀይ ቀለም ትቀባለች። በደጃችን ስታልፍ ባርኔጣዋን ታስተካክላለች፤ እኔ ሳያት ነው የምታስተካክለው።

አሁን ወደ ኃጢአቴ ልምጣ። አምና ነሐሴ አባባ ከጋሽ እሸቴ ጋር በጎርፍ መጣላቱን ጽፌልሽ ነበር። በተራችን ወደ ማሳችን የጠለፍነው ጎርፍ መሐል ላይ ሲደርስ ይጠፋል። አባባም "ከላይ ሆነህ ውኃዬን ትሰርቃለህ" ብሎ በሰው ፊት ሰደበው። ያልጻፍኩልሽ ይህን ነው፤ በማግስቱ ውኃውን ተከትዬ ስሄድ ሌባውን አገኘሁት። መሬቱ ቀጥ ብሎ ተሰንጥቋል። ዋልካ አፈር በበጋ ቢሰነጠቅ ብርቅ አይደለም፤ ይሄ ግን በክረምት፣ በዝናብ መሐል የተከፈተ ነው። ክንዴን እስከ ትከሻዬ ባስገባም ታቹን አላገኘሁትም። በሬ እግሩን እንዳይሰብር ብለን ከአባባ ጋር በማሽላ አገዳና በድንጋይ ደፈንነው፣ አፈር መለስንበት፣ ታረሰበት። አባባ "አፍሽን ያዢ" አለኝ። ይቅርታ ከመጠየቅ ዝም ማለት ቀለለው።

አጥኚዎቹ እኛ ማሳ ሲደርሱ አለቃቸው አቶ ናትናኤል "እህቴ፣ እዚህ መሬት ተሰንጥቆ ያውቃል?" ብሎ ጠየቀኝ። ልመልስ ስል ፍሬዓለም "እሷን ተዋት ጋሼ፣ ከጓዳ መች ወጥታ ታውቃለች! ዶሮ ቢጮህባት ትደነግጣለች" አለች። ሁሉም ሳቁ። እኔ እግሬን አየሁ። ስንጥቁ ላይ ቆሜ ነበር። "አላውቅም" አልኩ። ሥራዋ ይበላሽባት ብዬ ነው እታለም። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ዓርብ ዕለት ካርታው ቀበሌ ተለጠፈ። ቀዩ መስመር በተራራው ግርጌ ይሄዳል፤ በእኛ በኩል ነጭ ነው። ሰው ሁሉ ፍሬዓለምን ሲመርቅ እኔ በሆዴ ሳቅሁ። ሳቄ ግን እቤት አልደረሰም። ትንሿ እህታችን ማርታ እየዘለለች መጥታ "አዲሱ ክፍል ለእኛ ለሁለተኛ ክፍሎቹ ነው!" አለችኝ። ለካ ቦታው ከስንጥቅ ነጻ ነው ተብሎ፣ የቀበሌው ሰዎች ሁለቱን አዲስ የትምህርት ቤት ክፍሎች ከማሳችን ቀጥሎ ባለው ባዶ መሬት ሊሠሩ ተስማምተዋል። ስንጥቁ ድንበራችንን አልፎ ወደዚያው እንደሚሄድ የምናውቀው እኔና አባባ ብቻ ነን። መሠረቱ ማክሰኞ በደቦ ይቆፈራል። አጥኚዎቹ ደግሞ ነገ ከምሳ በኋላ ወደ ዋጃ ይሄዳሉ።

ትናንት አባባን እንናገር አልኩት። "እሸቴ ምን ይለኛል?" አለ። "ማርታ ከዚያ ጣሪያ ሥር ስትቀመጥስ አንተ ምን ትላለህ?" አልኩት። እንዲህ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አታምኚኝም። ተነስቶ ወደ በረቱ ሄደ። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ግን ዶማው ከጎተራው ሥር ወጥቶ በሩን ተደግፎ ቆሞ አገኘሁት።

ቅናቱ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽሽም። አንቺም ኮሌጅ ስትገቢ ሻንጣሽን እያሰርኩ ቀንቼብሽ ነበር። ስትስሚኝ ፊቴን ያዞርኩት ለዚያ ነው። ይቅር በይኝ።

እማማ በመንገድሽ ሁሉ ማርያም ትከተልሽ ብላለች። ማርታ ባለ ሥዕል ደብተር ላኪልኝ ትላለች። አባባም ሰላም በይልኝ ብሏል። አብራሽ ለምትኖረው ለኡሙሃኒም ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ነገ በጠዋት፣ አጥኚዎቹ ካደሩበት ከሮቢት ሲመጡ፣ መንገዱ ላይ እጠብቃቸዋለሁ። አፌ እምቢ ካለኝ ዶማውን አነሳለሁ፤ አገዳው ሲወጣ ያዩታል። ፍሬዓለም የሜትሩን አንድ ጫፍ ትያዝ። ሌላውን ጫፍ እኔ ነኝ የምይዘው።

እህትሽ በላይነሽ