ካርቶኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ

ይድረስ ጅዳ ላለችው ልጄ፤

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽንስ ተሻለሽ? አሠሪዎችሽ በጊዜ ያሳርፉሻል? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ አለሁ። የቆቦ ሙቀት ዘንድሮ ብሶበታል፤ ከዙሁር ሶላት በኋላ ደጅ የሚወጣ ሰው የለም። እኔም ከግድግዳው ጋር ተፋጥጬ እውላለሁ።

ይህን ወረቀት ወደ ጅዳ በምትመለሰው በጀዊሪያ እጅ የላክኩልሽ፣ በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ አፌ እምቢ ስላለኝ ነው። ለእናትሽ ለቅሶ የደወልሽ ዕለት፣ የላክሽላት በአየር የሚጠብስ ማሽን ተስማምቷት እንደነበር ጠየቅሽኝ። ድንቹን በጣም ወዳው ነበር አልኩሽ። ዋሸሁሽ።

ከጅዳ ዕቃውን የላክሽባት ኑሀ ካርቶኑን ስታደርስ እናትሽ መናኸሪያው በር ላይ ድንቿን እየጠበሰች ነበር። የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ያልፈቀድኩልሽን መንገድ ስትሄጂ ከእንግዲህ ልጅ የለኝም ብዬ በሰው ፊት ምያለሁ፤ ከእጅሽ የመጣ ዕቃ ቤቴ እንዲታይ አልፈለግኩም። ከማሽላው ጆንያ ኋላ ደበቅኩት። ለእሷም አልነገርኳት። ያኔ ለወራት ኔትወርክ ተቋርጦ ስለነበር አንቺም ልትጠይቂያት አልቻልሽም።

ሐኪሙ ደም ግፊቷን አይቶ ዘይትና ጨው ቀንሺ ብሏት ነበር። እሷ ግን ጠብሳ ከምትሸጠው ሌላ ምሳ አልነበራትም። ካርቶኑ በመጣ በሁለተኛው ወር እዚያው መጥበሻዋ አጠገብ ወደቀች። ለቀስተኛው ሁሉ ቀኗ ነው አለ። እኔም ቀኗ ነው እላለሁ። ብቻ ካርቶኑ እዚያው ነበረ።

ባለፈው ጁምዓ ከመስጊድ ተመልሼ ከፈትኩት። የጻፍሽላትን ወረቀት ከውስጡ አገኘሁ። ድንቹን በጣት ውፍረት ቁረጪ፣ ግማሽ ሰዓት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አቆዪው፣ በጨርቅ አድርቂው፣ በአንድ ማንኪያ ዘይት ብቻ ለውሺው፣ አትከምሪው፣ መሐል ላይ አውጥተሽ ወዝውዢው ትያታለሽ። ከሥሩ ደግሞ፣ አባ ልቡ የራራ ቀን ለእሱም አቅምሺው ብለሻል።

እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ቢላ ይዤ የማላውቅ ሰው፣ አንዱን ወፍራም አንዱን ቀጭን አድርጌ ቆረጥኩት። የመጀመሪያውን ሳላደርቅ ከትቼው ልፍስፍስ አለ። ሁለተኛውን ስጠብስ መብራት ሄደ። ሦስተኛው ግን ቀላ ብሎ ወጣ፤ ሲነከስ ኮሽ ይላል፣ ውስጡ ለስላሳ ነው። አንዷን ነክሼ የቀረውን ሳህን ላይ አደረግኩት።

ሳህኑን ይዤ ጎረቤታችን ዚነት ዘንድ ሄድኩ። ቀምሳ፣ ዘይት የማያበዛ እንዲህ ያለ መጥበሻ ከየት አገኙ አለችኝ። ልጄ ናት የላከችልኝ አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔው ደነገጥኩ። ቀጥዬም፣ ለእናቷ ነበር የላከችው አልኳት። ዚነት ጠብሰው ሲሸጡ ከእናትሽ ጎን የምትቀመጥ አልነበረች? እናትሽ ማሽኑን በዓይኗ እንዳላየችው ታውቃለች፤ ሁሉም ነገር ገባት። ሳህኑን አስቀመጠችው።

ይቅር በይኝ ብዬ አላስጨንቅሽም። ይህን አንብበሽ አባት የለኝም ብትዪ ሐቅሽ ነው። ብትደውዪ ግን ስልኩ ከእጄ አይለይም።

አላህ በባዕድ አገር ከክፉ ይጠብቅሽ፣ ደግ ደጉን ሰው ያጋጥምሽ። የእናትሽ ዱዓ ይከተልሽ፤ የእኔን ለመቀበል ልብሽ እስኪፈቅድ።

አባትሽ