ከገጽ ዘጠና ፊት ለፊት የነበረችው ተዋናይት

ለናፈቅሽኝ እህቴ ለዊኒፍሬድ፣

ሰላምታዬ ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ ኒውዚላንድ ድረስ ይድረስሽ። ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ኖርዊችም እንደ ልማዷ ዝናብ በዝናብ ናት።

ያን ባለሥዕል የጥንት የለንደን ቲያትር መጽሐፌን ታስታውሺዋለሽ አይደል? ከገጽ ዘጠና ፊት ለፊት የነበረችው፣ የወንድ ልብስ ለብሳ ሰይፍ የመዘዘችው ተዋናይት የለችም። በምላጭ ቆርጠው ወስደዋታል! ቤቴ የሚመጣ ሰው ደግሞ ፔንድል ብቻ ነው፤ እሱም እንደኔው የድሮ መጻሕፍት ሰብሳቢ። እሑድ ለሻይ ሲመጣ ፊት ለፊት ጠየቅሁት።

«ኧረ ሂዩበርት፣ ምን ነካህ? ባለፈው እሑድም እኮ ይህንኑ ጠይቀኸኛል!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ራሱ የሌባ ሳቅ ነው።

እኛ ሰብሳቢዎች መጽሐፍ ስንገዛ ሥዕሎቹን ቆጥረን፣ መጨረሻው ገጽ ላይ በእርሳስ «ሙሉ ነው» ብለን እንፈርማለን። አሁን ከፊርማዬ ሥር «አንድ ሥዕል ወጥቷል» የሚል ተጨምሮበታል። የእጅ ጽሑፉ ቁርጥ የኔ! ተንኮሉን አየሽልኝ? ጽሑፌን ሲለማመድ ከርሟል ማለት ነው። ስለዚህ የበሩን ቁልፍ ቀይሬያለሁ። ምላጬንም ደብቄዋለሁ፤ የት እንደሆነ ግን ለጊዜው ጠፍቶኛል።

ልጆቹን በያሉበት ሳሚልኝ፤ ደህና ሁኝልኝ።

ወንድምሽ ሂዩበርት

ደግሞ ሳልረሳው፦ ባለፈው ደብዳቤሽ «ለልደቴ የላክህልኝ ባለሰይፏ ሴት ግድግዳዬን አሳመረችው» ብለሻል። የትኛዋ ሴት ናት? መልሱን ለኔ ብቻ ጻፊልኝ፤ ፔንድል እንዳይሰማ።