ቁጥር አሥራ ሰባት

ውድ ሲቲ፣

እንዴት ነሽ? ካዛንቺስ ፈርሶ እናንተ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ከገባችሁ ወዲህ አልተያየንም። ባለፈው ሳምንት በሰፈራችን ሳልፍ፣ አጥራችሁን ተደግፈን ብርቱካን ትልጪልኝ የነበረበትን ቦታ ፈልጌ አጣሁት። ናፈቅሽኝ።

ሥራ አግኝቻለሁ። አትሳቂ፤ አንድ የምርምር ተቋም ውስጥ አይጥ ጠባቂ ሆኛለሁ። አይጥ ሲያይ አልጋ ላይ የሚወጣው ጠልሐ! አይጦቹ ጥቁር ናቸው። የገዛ ሰውነታቸው የቆዳቸውን ቀለም እንደ ጠላት እንዲያጠቃ ይደረግና፣ እንደ አንቺ ለምጽ ሲወጣባቸው መድኃኒት ይሞከርባቸዋል። ስም ማውጣት ክልክል ነው፤ ቁጥር ብቻ። እኔ ግን አሥራ ሰባትን፣ ከሁሉም ቀድሞ ጅራቷ የነጣባትን፣ ሳላስበው መዝገቡ ላይ «ሲቲ» ብዬ ጻፍኳት።

አለቃዬ ዶክተር ፍዮሪ መዝገቡን ይዛ መጣች።

«ሲቲ ማናት?»

«አሥራ ሰባት ናት… ማለቴ፣ ጎረቤታችን ናት።»

«ጠልሐ፣ በቃ አንዱን ምረጥ!»

ሰርዤ አስተካከልኩ። ያ ዒድ ግን ቀኑን ሙሉ አልለቀቀኝም። ጣቶችሽ መንጣት የጀመሩበት ዓመት ነበር። እናትሽ ቤት ትሪውን ከበን፣ እንደ ወትሮው ጠቅልለሽ ልታጎርሺኝ ስትይ «ጠግቤያለሁ» አልኩሽ። ገና መቀመጤ ነበር። ጉርሻውን ትሪው ላይ መለስሽው። ከዚያ በኋላ ማንንም ስታጎርሺ አላየሁም፤ አንቺም በማንኪያ መብላት ጀመርሽ። ለምጽ እንደማይተላለፍ አላውቅም ነበር ብልሽ እዋሻለሁ፤ እናቴ ነግራኛለች። ፈርቼ ነው።

መድኃኒቱን ለአሥራ ሰባት የምሰጣት እኔ ነበርኩ። በስድስተኛው ሳምንት ነጩ ጅራቷ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ብቅ ሲል እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ዶክተር ፍዮሪ «አይጥ ሰው አይደለም፤ ገና ብዙ ይቀራል» ብላኛለች፤ ስለዚህ ተስፋ ልሰጥሽ አይደለም የምጽፈው። ቆዳዋ ለምርመራ ስለሚፈለግ ሐሙስ ዕለት ተገደለች። ከሳጥኗ አውጥቼ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ያንን ጅራት በየቀኑ እየያዝኩ፣ የጓደኛዬን ጣት መሸሼ አሳፈረኝ።

ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ሲቲ። አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል ሲሉ ሰምተሻል፤ የመጀመሪያውን እንኳ አልተቀበልኩሽም። እሁድ ምሳ ሰዓት ላይ እመጣለሁ። ቁርስ ሳልበላ ነው የምመጣው።

ማንኪያ እንዳታቀርቢ።

የአጥር ጎረቤትሽ ጠልሐ