ዓለሚቱን የመታት ድንጋይ

ሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 1961 ዓ.ም.

እመቤቴ ማርያም፣ የዛሬውን እንኳ እመኚኝ፤ ማሰሮውን ድመት ሰበረችው ያልኩት ውሸት ነበር፣ ይሄ ግን እውነት ነው። የባሌን እኅት ዓለሚቱን ሆን ብዬ አልመታኋትም። ዝንጀሮ ማሽላው ውስጥ ገባና እኔ ማማው ላይ ወንጭፍ ሳዞር አማቴ ከታች፣ "ዓለሚቱ ብትሆን በአንድ ድንጋይ ነበር የምትጥለው" አሉ። ዓለሚቱም ከማሳው ዳር ሆና እየሳቀች፣ "ሙሽሪት፣ ዓይንሽን ከዝንጀሮው አትንቀይ፤ ከለቀቅሽም በኋላ ክንድሽ ዞሮ ይጨርስ፣ አታቁሚው" አለችኝ።

እኔ ግን ዝንጀሮውን ትቼ አማቴ ያዩኝ እንደሆነ ዞር ብዬ አየሁ፤ ክንዴም መሃል ላይ ቆመ፣ ድንጋዩ ወደ ጎን ሄዶ ትከሻዋን መታት። አማቴ "በቅናት ነው" ብለው ደግፈዋት ወደ ቤት ገቡ። ቅናቱስ አለ፣ አልክድም፤ ስትወድቅ "ልጄን፣ ልጄን" ሲሉላት እንኳ ቀንቻለሁ። ግን አላነጣጠርኩባትም። አይመስለኝም።

መውረድ ፈርቼ እዚሁ ማማው ላይ ቁጭ ብያለሁ። ባሌ ከእርሻ ሲገባ አማቴ ቀድመው ይነግሩታል፤ እሳቸውን ካመነ ወደ እስቴ፣ ወደ አባቴ ቤት ይሰደኛል። ከጓሮ ወጥቶ አንድ ጊዜ በስሜ ቢጠራኝ እየሮጥኩ እመጣለሁ። ብቻ ሳይመሽ ይጥራኝ።