ሻለቃ ደህና ነው

ለልጄ፣

ብዕሩን የያዘችው ሚስትህ ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ ነው። የለሰለሰ ነገር ካገኘህበት እሷ የጨመረችው ነው፣ እኔ አላልኩም። እንዴት ሰነበትክ? የዶዘሩ መንቀጥቀጥ ወገብህን ለቀቀህ ወይስ አሁንም ጎብጠህ ነው የምትነሳው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን። ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ይንጫጫል እንጂ ከነጥርሴ አለሁ። ከየትኛው ጥርስዎ ጋር ልበል ትለኛለች። ዝም ብለሽ ጻፊ ብያታለሁ።

ሻለቃ ደህና ነው። መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን እንደሆነ ስለማውቅ ነው ያስቀደምኩት።

ሻለቃ ማለት ለዕረፍት መጥተህ ስትመለስ በጫማ ካርቶን ትተኸው የሄድከው እንሽላሊት ነው። በረሃ ላይ ከመኪና ጎማ ሥር ነው ያዳንኩት፣ አደራ አልከን፤ ምን እንደሚባል፣ ምን እንደሚበላ ሳትነግረን አውቶቡስህን ተሳፈርክ። አንተ ከድሮም ጀምሮ መተው ትወዳለህ። ጎረቤት ተሰበሰበ። ልብስ ሰፊው የአዞ ልጅ ነው አለ። ዘበኛው አርጃኖ ነው፣ ዶሮ ይጨርሳል ብሎ ማለ። ዶሮ የለንም እኮ ብለው፣ እንግዲያው በእናንተ ይጀምራላ አለኝ። ሚስትህ ስልኳን አውጥታ ፎቶ ከፎቶ ታስተያይ ጀመር። እኔ ዓይኔ ደካማ ነው፣ ያየሁት በእጄ ነው። ጭራውን ዳበስኩት፤ እሾሁ ቀለበት ቀለበት ሠርቶ ተደርድሯል። አፉ እንደ ኤሊ ድፍን፣ ሆዱ እንደ ተዳመጠ ሊጥ ጠፍጣፋ። ይህን ስነግራት አገኘችው፦ ባለ እሾህ ጭራ የበረሃ እንሽላሊት፣ ቅጠል በል። ረጅም የባዕድ ስም አለው፣ ምላሴ አልገባበትም። አረማመዱን አይቼ ሻለቃ አልኩት።

ቅጠል በል! እኔ ደግሞ ዝንብ እየያዝኩ አፉ ላይ ስደቅንበት ሰንብቻለሁ። እንዴት እንደናቀኝ ብታይ።

ከዚያ አንድ ጠዋት አፍንጫው ዙሪያ ነጭ ነገር ጋግሮበት ያስነጥሳል። ዱቄት መሰለኝ፤ አንቺ ነሽ የደፋሽበት ብዬ ሚስትህ ላይ ጮህኩ። ቀጥሎ ጉንፋን ነው አልኩና በራሴ ብርድ ልብስ ጠቀለልኩት። ሲመሽ ከሰል መስሎ ጠቆረ፣ ደርቆ ቀረ። አልዋሽህም፣ አደራህ እጄ ላይ ሊሞት ነው ብዬ ፈራሁ። ያነቃችኝ ሚስትህ ናት። አባባ፣ ይህ ፍጥረት የራሱ ሙቀት የለውም፣ ብርድ ልብስ ምን ያደርግለታል አለችኝ። ወዲያው ገባኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ዳቦ የጋገርኩ ሰው፣ ቀዝቃዛ ሊጥ በጨርቅ ስለተጠቀለለ እንደማይሞቅ እንዴት ይጠፋኛል?

ከድሮው ምድጃዬ አንድ ጡብ ነቀልኩ። አዎ፣ ማንም እንዳይነካው ካልኩት ምድጃ። ጡቡን ሚስትህ በካርቶኑ ፈንታ በገዛችለት የመስታወት ሳጥን አንድ ጫፍ አስቀመጥን፣ ከላዩ አምፖል ሰቀልን፤ ሌላውን ጫፍ ቀዝቃዛ ተውነው፣ ሲግልበት እንዲሸሽ። ሙቀቱን የምለካው እንደ ዱሮዬ በእጄ ጀርባ ነው። እሷ ቴርሞሜትር ገዛች። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ታነባለች፤ እስካሁን አላፈርኩም። ሻለቃ ጡቡ ላይ ተነጥፎ ዋለ፣ ጀርባው ወደ ቢጫ ፈካ፣ ዓይኑን ገለጠ፤ ደግሞ አስነጠሰ። ነጩን በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት። ጨው ነው! ለካ ትርፍ ጨዉን የሚያወጣው በአፍንጫው ነው። ሚስትህ አባባ ምን ነካዎት ብላ በሳቅ ፈረሰች። አንተ ከሄድክ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ የሰማኋት ያኔ ነው።

አሁን ውሃ በሳህን አናስቀምጥለትም፤ እርጥበት ይገድለዋል፣ ከቅጠሉ የሚያገኘው ይበቃዋል። ጎመን ይበላል፣ የካሮት ቅጠል ይበላል፣ ጥሬ ምስር ይቆረጥማል። ፀሐይ በመስታወት አልፋ ስለማትጠቅመው ጠዋት ጠዋት ደረቴ ላይ አድርጌው ግቢ እወጣለሁ። ዘበኛው ከወንበሩ ተነስቶ ሰላምታ ይሰጠዋል። ልብስ ሰፊው ደንበኞቹን እያመጣ ያሳያል፤ እኔ ዱሮም አዞ አይደለም ብዬ ነበር ይላቸዋል፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ምስሩ ግን ቶሎ ያልቃል። የሚበላው ሻለቃ ብቻ አይደለም። ሚስትህ ያን የምትወደውን ትኩስ ዳቦ ሳመጣላት አፍንጫዋን ይዛ ትሸሻለች፤ ዞር ስል ከሻለቃ ምስር ትቆረጥማለች። እኔ አምስት ልጅ ያሳደግሁ ሰው ነኝ፤ አልጠየቅኋትም። ይኸው ብዕሩ ቆመ። ጻፊ እንጂ! የማወራው ስለ እንሽላሊት ነው።

የበረሃውን ሥራ ውል ለሁለት ዓመት ላድስ ነው ብለህ በስልክ ነግረሃታል። እሺ እንዳለችህም ሰምቻለሁ፤ ዓይኔ ነው የደከመው እንጂ ጆሮዬ አልደከመም። እሺ ያለችህ ልትጎትትህ ስላልፈለገች ነው። እኔ ግን እጎትትሃለሁ። እንዳትፈርም። መጀመሪያ መጥተህ በዓይንህ እይ። ዶዘር የሚነዳበት መሬት እዚህም ሞልቷል።

አናጺውን ትንሽ የእንጨት አልጋ አሠርቼዋለሁ፣ ዙሪያውን ርብራብ ያለው። ለእንሽላሊቱ ነው ወይ ብሎ ሳቀብኝ። ሻለቃ ቤት አለው አልኩት። የማስቀምጠው የጠዋት ፀሐይ በምታሞቀው ግድግዳ በኩል ነው፤ ሙቀቱን በእጄ ጀርባ ለክቼዋለሁ።

እጅህ ከመሪው፣ ልብህ ከቤትህ አይለይ። መንገድህን ያቅናልህ። እኔ በአንተ ያየሁትን አንተም እይ።

አባትህ

በይ አሁን ከመጀመሪያው አንብቢልኝ። የአናጺውን ግን እንዳታልፊው።